ገጽ 22 ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች፦ በጀርመን ወታደር ደብተር ላይ የኋላ ጭማሪን ስለ መለየት

ጥያቄው፦ «ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። የድሮ ወረቀት መሰብሰብ እወዳለሁ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት የቅዳሜ ገበያ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ የአንድ ጀርመናዊ እግረኛ ወታደር ደብተር አገኘሁ። ሻጩ 700 ዩሮ ጠራብኝ። ዋጋው የተሰቀለው ገጽ 22 ላይ ባሉት ሽልማቶች ነው ይላል። እኔን ያስፈራኝ ግን ገጽ 4 ነው። የሬጅመንቱ ስም ተሰርዞ ከጎኑ ሌላ ተጽፏል። ፎርጂድ ይሆን እንዴ? የገጽ 4፣ 12፣ 22 እና 23 ፎቶ ልኬያለሁ።»

ሰላም ወንድሜ። ጭንቀትህን ላቅልልህ። ገጽ 4 ላይ ያለው ስርዝ ፎርጂድ አይደለም። እንዲያውም ከላክህልኝ ሁሉ በጣም ያመንኩት እሱን ነው። እኔን ያላማረኝ ገጽ 22 ነው፤ ያውም የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች። ሻጩ 700 ዩሮ የጠራውም በእነሱ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ስለ ደብተሩ ትንሽ ልበል፤ ሌሎችም ስለሚያነቡት። ጀርመኖች «ዞልድቡኽ» ይሉታል፤ የደመወዝ ደብተር እንደማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ግን የመታወቂያ ወረቀትም መሆኑ ተጽፏል። ወታደሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። 24 ገጽ ነው። ስሙ፣ የአንገት መለያው ቁጥር፣ የደም ዓይነቱ፣ ማዕረጉ፣ የነበረበት ክፍል፣ የወሰደው ልብስ፣ የተከተበው ክትባት፣ የተኛበት ሆስፒታል፣ የተሸለመው፣ ለዕረፍት የሄደበት፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ። «ቬርፓስ» ከሚባለው ሌላ ደብተር ጋር እንዳታምታታው። ቬርፓስ ወታደሩ በዘመቻ ላይ ሳለ ሻምበሉ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ሰውየው ከሞተ ለቤተሰቡ ይላካል። ለዚህ ነው ቬርፓስ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው፤ ዞልድቡኽ ግን ላብ፣ ዝናብና ጭቃ ያየ ነው። እንከን የሌለው ንጹሕ ዞልድቡኽ ካየህ ለምን ንጹሕ እንደሆነ መጠየቅ ነው። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደብተሩ ላይ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ወር፣ መጨረሻ ዓመት ነው የሚመጣው።)

አሁን አጭበርባሪ እንዴት እንደሚያስብ እንይ። ሙሉ ደብተር ከባዶ መሥራት ከባድ ነው። ወረቀቱ፣ የኅትመቱ ፊደል፣ ስፌቱ፣ የአሥርና የሃያ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም መመሳሰል አለበት። ደግሞ ማን ይደክማል? እውነተኛ ደብተር እንደልብ ይገኛል። የአንድ ተራ ሾፌር ወይም ወጥ ቤት ደብተር በርካሽ ይገዛል። ከዚያ ገጽ 22 ላይ ሁለት መስመር ይጨመራል። ወይም ገጽ 4 ላይ የታወቀ ክፍል ስም ይገባል፤ የታይገር ታንክ ሻለቃ፣ የአየር ወለድ ጦር፣ የአፍሪካ ኮር። ወይም ፎቶው ይቀየራል። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ይዘላል።

ስለዚህ «ደብተሩ እውነተኛ ነው ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። ደብተሩ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው። ጥያቄህ «እያንዳንዱ መስመር በዘመኑ የተጻፈ ነው ወይ?» ይሁን። ይህን የሚነግሩህ ደግሞ ማንም የማይነካቸው ገጾች ናቸው። ክትባት፣ ካልሲና ቦት ጫማ፣ ሆስፒታል፣ ዕረፍት። አጭበርባሪው እዚያ ምን እንደተጻፈ ብዙ ጊዜ አያነበውም። በእጅ የተጻፈው የድሮ ጀርመንኛ ፊደል ለዛሬ ጀርመኖች ራሳቸው ፈተና ነው፤ ለሱም ያው ነው። ሰብሳቢዎች ቶሎ ወደ መብራትና ወደ ማጉያ መነጽር ይሮጣሉ። እኔ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ከማየው ፎርጂድ አብዛኛው እዚያው ንባብ ላይ ነው የሚያልቀው።

ወደ ገጽ 4 ልመለስ። እዚያ ላይ «እግረኛ ሬጅመንት» የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዞ «ግሬናዲየር ሬጅመንት» ተብሏል፤ ቁጥሩ ግን አልተቀየረም። ይህ ታሪክ ነው። በጥቅምት 15 ቀን 1942 የጀርመን ጦር እግረኛ ሬጅመንቶቹን ግሬናዲየር ብሎ ሰየማቸው። ስሙ የድሮ ክብር ስላለው ሞራል እንዲያነሳ ነበር የታሰበው። የሻምበሉ ጸሐፊ ደብተሮቹን ሰብስቦ የድሮውን ስም ሰረዘ፣ አዲሱን ጻፈ። ሲሰርዝ ደግሞ በደንቡ መሠረት ነው፤ የድሮው ጽሑፍ መነበብ አለበት። በገጽ 1 እና 2 ላይ ለውጥ ሲደረግ ደግሞ ገጽ 3 ላይ በፊርማና በማኅተም ይረጋገጣል፤ ገጹ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። የተሰረዘ ነገር ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። አጭበርባሪ በይፋ አይሰርዝም። ይፍቃል፣ በኬሚካል ያጥባል፣ ወይም ባዶ ቦታ ፈልጎ ይጨምራል።

እንዲያውም ስያሜው በተቃራኒው ወጥመድ ይሆናል። በ1941 ቀን የተጻፈበት መስመር ላይ «ግሬናዲየር ሬጅመንት» የሚል ተራ የእግረኛ ክፍል ካገኘህ ተጠራጠር። «ፓንሰርግሬናዲየር» የሚለውም እንዲሁ ነው። በታንክ ክፍለ ጦሮች ውስጥ በሞተር የሚጓዙት የእግረኛ ሬጅመንቶች ይህን ስም ያገኙት በሐምሌ 5 ቀን 1942 ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ስም ነበራቸው። ልዩ ሁኔታ ሊኖር ስለሚችል ግን ከመፍረድህ በፊት ክፍሉን ለይተህ አጣራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ገጽ 22። ያንተ ደብተር ላይ አምስት መስመር አለ። ሁለተኛ ደረጃ የብረት መስቀል፣ 9.8.1942። የእግረኛ ጦር የማጥቃት ምልክት በብር፣ 30.9.1942። ጥቁር የቁስለኛ ምልክት፣ 11.1.1943። ከዚያ አንደኛ ደረጃ የብረት መስቀልና የጨበጣ ውጊያ ምልክት በብር፣ ሁለቱም 20.3.1943።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ችግር የለባቸውም። የማጥቃት ምልክቱ ከታኅሣሥ 20 ቀን 1939 ጀምሮ የነበረ ነው። የቁስለኛ ምልክቱ ላይ ያለው ማኅተም ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ የሬጅመንት ሳይሆን የጦር ሆስፒታል ማኅተም ነው። ይህ ትክክል ነው። ቁስለኛው አልጋ ላይ እያለ ሆስፒታሉ ራሱ ይሰጠው ነበር። ጥቁሩ የሚሰጠው አንዴ ወይም ሁለቴ ለቆሰለ ነው፤ ብሩ ለሦስትና ለአራት፣ ወርቁ ለአምስትና ከዚያ በላይ። ገጽ 12 ስንሄድ ሰውየው በ18.12.1942 ሆስፒታል ገብቷል። ጥር 11 ምልክቱ ተሰጠው። ሁለቱ ገጾች ይግባባሉ።

ችግሩ የጨበጣ ውጊያው ምልክት ላይ ነው። ይህ ሽልማት የተቋቋመው በኅዳር 25 ቀን 1942 ነው። ለነሐስ 15 የጨበጣ ውጊያ ቀን፣ ለብር 30፣ ለወርቅ 50 ያስፈልጋል። ክፉኛ ለቆሰለ ቁጥሩ ቀነስ ይልለት ነበር። ቀኖቹ መቆጠር የጀመሩት ደግሞ ከታኅሣሥ 1 ቀን 1942 ነው። የጨበጣ ውጊያ ቀን ማለት ግንባር ላይ የዋሉበት ቀን ሁሉ ማለት አይደለም። ከጠላት ጋር ፊት ለፊት፣ በሳንጃ፣ በእጅ ቦምብ የተገናኙበት ቀን ነው። ሠላሳ እንዲህ ያለ ቀን ቆጥሮ በሕይወት የተረፈ እግረኛ ብዙ አይደለም።

አሁን የሰውየህን ቀኖች እንቁጠር። መቁጠሪያው ታኅሣሥ 1 ይጀምራል። ታኅሣሥ 18 ሆስፒታል ገባ። ገጽ 12 እንደሚለው የወጣው በ26.2.1943 ነው። ገጽ 23 ላይ ደግሞ ከ27.2 እስከ 16.3.1943 የማገገሚያ ዕረፍት ተሰጥቶት አገሩ ሄዷል። ስለዚህ እስከ መጋቢት 20 ድረስ ግንባር ላይ ሊሆን የሚችለው በታኅሣሥ መጀመሪያ ያሉት 17 ቀናት ብቻ ናቸው፤ ከዕረፍቱ በኋላ ያሉት ሦስትና አራት ቀናት ወደ ምሥራቅ ግንባር ለሚሄድ ባቡር እንኳ አይበቁም። በምሥራቅ ግንባር ረጅም ጊዜ ላገለገለ ሰው የተወሰነ ቀን ይታሰብለት ነበር። ገጽ 4 እንደሚለው ግን ይህ ሰው ሜዳ የወረደው በ1942 ጸደይ ነው፤ በቁስለኝነትም የተቀነሰለት ቢሆን እንኳ፣ እነዚያ ቀናት ሁሉም ማለት ይቻላል የጨበጣ ውጊያ ካልሆኑ በቀር ሂሳቡ ለብር አይደርስም። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ነሐሱ የለም። ብር ያገኘ ሰው መጀመሪያ ነሐስ ያገኛል፤ ደብተሩ ላይም ይጻፍለታል።

ይህን ለማወቅ መብራትም ኬሚካልም አላስፈለገም። የጨመረው ሰው ሽልማቱ የተቋቋመበትን ቀን አውቆ ከዚያ በኋላ ያለ ቀን መርጧል፤ እስከዚያ ድረስ ብልጥ ነው። ገጽ 12 እና 23ን ግን አላነበበም። ባዶ መስመር አየና ጻፈ።

አንደኛ ደረጃ የብረት መስቀሉስ? በቀን ደረጃ አይቻልም የሚያሰኝ ነገር የለውም። ሁለተኛው ደረጃ ቀድሞ ተሰጥቷል፤ ደንቡም ይኸው ነው፣ ያለ ሁለተኛው አንደኛው አይሰጥም። ግን ከጨበጣው ምልክት ጋር አንድ ቀን፣ አንድ ቀለም፣ አንድ እጅ ነው። ጎረቤቱ ከወደቀ እሱም አብሮ ይወድቃል። እኔ ለሱ አንድ ዩሮም አልጨምርም።

ይህ ደብተር ዕድለኛ አጋጣሚ ነው፤ ሁሌም እንዲህ ግልጽ አይሆንም። ስለዚህ ለሌላ ጊዜ እንድትጠቀምበት አንድ የንባብ መንገድ ልስጥህ። ቁስለት የአንድ ገጽ ነገር አይደለም። ክፉኛ የቆሰለ ወታደር ሆስፒታል ይገባል፤ ገጽ 12 ላይ የሆስፒታሉ ስም፣ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የሕመሙ መለያ ቁጥር ይጻፋል። ሲወጣ ብዙ ጊዜ ወደ ሜዳ ክፍሉ በቀጥታ አይመለስም። አገር ውስጥ ወዳለ የተተኪ ጦር ክፍል ይላካል፤ ይህ ገጽ 4 ላይ ይታያል። ዕረፍት ያገኛል፤ ገጽ 23። የድሮ ልብሱ ደም ነክቶታል ወይም በቀዶ ጥገና ጊዜ ተቀዷል፤ አዲስ ይሰጠዋል፤ ገጽ 6 እና 7። አዲስ ጠመንጃ ከወሰደም ቁጥሩ በመሣሪያ ገጾቹ ላይ ይሰፍራል። ገጽ 22 ላይ ወርቅ የቁስለኛ ምልክት እያለ ገጽ 12 ባዶ ከሆነ፣ ልብሱም ከ1940 ጀምሮ ያልተቀየረ ከሆነ፣ የሆነ ነገር አለ። ቀላል ቁስል ክፍሉ ውስጥ እያለ የታከመ ሊኖር ይችላል፤ አምስቱም ግን እንዲያ አይሆኑም።

ማዕረግም እንደዚሁ ነው። ገጽ 1 ላይ ዕድገት ከተጻፈ ከኋላ ባሉት የክፍያ ገጾች ላይ የደመወዝ መደቡ መቀየር አለበት። ጦር ሠራዊት ዕድገት ሰጥቶ ደመወዙን ሊረሳ ይችላል ትለኝ ይሆናል። ወታደሩ ግን አይረሳም።

የሽልማቶቹን መነሻ ቀን ማወቅም ይጠቅማል። የምሥራቅ ግንባር የክረምት ሜዳሊያ የተቋቋመው በግንቦት 26 ቀን 1942 ነው፤ የሚሰጠውም ከኅዳር 15 ቀን 1941 እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 1942 እዚያ ለነበረ ነው። ያንተ ሰው ከዚያ በኋላ ስለደረሰ የለውም፤ ባይኖረው ነው የሚያምርበት። ታንክ ለብቻው ላወደመ የሚሰጠው ምልክት በመጋቢት 9 ቀን 1942 ተጀመረ። የአልሞ ተኳሽ ምልክት ደግሞ በነሐሴ 20 ቀን 1944፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። የአልሞ ተኳሽ ደብተር ነው ብሎ የሚሸጥልህ ሰው ካጋጠመህ ኪስህን ያዝ።

ከቀን ቀጥሎ ፊርማ ነው። ሽልማቱን የሚያረጋግጠው ብዙ ጊዜ የሻምበሉ አዛዥ ነው። ከስሙ ሥር ማዕረጉን ይጽፋል። ባንተ ደብተር ላይ የነሐሴ 1942ቱን የፈረመው መቶ አለቃ የመጋቢት 1943ቱንም ፈርሟል። በምሥራቅ ግንባር የሻምበል አዛዥ ይህን ያህል ጊዜ በቦታውና በማዕረጉ ከቆየ ዕድለኛ ነው፤ ቢሆንም ይቻላል። ያልወደድኩት ፊርማዎቹ ከልክ በላይ መመሳሰላቸውን ነው። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አይፈርምም። ሁለቱን ከላይ በትክክል ፎቶ አንሳና በስልክህ ደራርበህ እያቸው። ልክ በልክ ከተገጣጠሙ አንዱ ከአንዱ ላይ ተገልብጧል። ከላክህልኝ ፎቶ ብቻ ግን በዚህ ላይ አልፈርድም፤ ካሜራው አዘንብሏል።

ማኅተሙንም አንብበው። የሜዳ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ስማቸውን ሳይሆን ባለ አምስት አኃዝ የሜዳ ፖስታ ቁጥር ነው የሚያትሙት። ቁጥሩ የየትኛው ክፍል እንደነበረ ማጣራት ይቻላል፤ ገጽ 4 ላይ ካለው ክፍል ጋር መግባባት አለበት። አንዳንድ ቁጥር ተሰርዞ በኋላ ለሌላ ክፍል ስለተሰጠ ዘመኑንም አብረህ እይ።

አሁን ወደ ወረቀቱና ወደ ቀለሙ እንምጣ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ በእጅህ ያዘው። ማጉያ መነጽርና የስልክህ መብራት ይበቃሃል።

መጀመሪያ እጥፋቱን ፈልግ። ኪስ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ወረቀት ይሰነጠቃል። በዘመኑ የተጻፈ ቀለም ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ወረቀቱ ሲሰበር ቀለሙም አብሮ ተሰብሯልና። ከስንጥቁ በኋላ የተጻፈ ቀለም ግን ወደ ስንጥቁ ገብቶ ይሰርጋል፤ በማጉያ ሲታይ እንደ ትንሽ ሥር ግራና ቀኝ ይበተናል። ከሁሉም ማስረጃ ይህንን ነው የምወደው። ለመሸወድ በጣም ከባድ ነው።

ቀጥሎ ገጽ 22 እና 23ን ክፈት። ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው፤ ከ80 ዓመት በላይ ተጣብቀው ኖረዋል። የብረት ጨው ያለበት የድሮ ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ትይዩው ገጽ ደብዛዛ ቡናማ ጥላ ይጥላል፤ ከገጹ ጀርባም ይታያል። ሦስቱ መስመሮች ጥላ ጥለው ሁለቱ ካልጣሉ መልሱን አገኘህ። አንዳንድ ቀለም ግን ጥላ አይጥልምና የጥላው አለመኖር ብቻውን አይበቃም።

ደብተሩ ውኃ ከነካው ደግሞ በጣም ጥሩ። ግንባር ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ኮፒ እርሳስ ነበር የሚጠቀሙት። ሲደርቅ ግራጫ ይመስላል፣ ሲረጥብ ሐምራዊ ይሆናል። የውኃው ምልክት ያለፈበት የድሮ ጽሑፍ ሐምራዊ ሆኖ ይፈሳል። በዚያው ምልክት ላይ ምንም ሳይፈስ ቀጥ ብሎ የቆመ የኮፒ እርሳስ ጽሑፍ ውኃው ከደረቀ በኋላ የመጣ ነው።

መብራቱን ከጎን አስጠግተህ ወረቀቱን አዘንብለው። በምላጭ የተፋቀ ቦታ ጸጉራም ይሆናል። ወደ ብርሃን ስታነሳው ይሳሳል። የታተሙት መስመሮች እዚያ ላይ ሊቆራረጡ ይችላሉ። አዲሱ ቀለምም ይበተናል፤ የወረቀቱ የላይኛው ቆዳ ተልጧልና።

እስክሪብቶስ? ዛሬ የምናውቀው ባለ ኳስ ጫፍ እስክሪብቶ በጦርነቱ ጊዜ በጀርመን ጸሐፊዎች እጅ አልነበረም። ቢሮ የተባለው ሃንጋሪያዊ በ1930ዎቹ መጨረሻ ፈጠረው፣ በአርጀንቲና ገበያ ላይ አዋለው፣ በአሜሪካ ለሕዝብ የተሸጠው በ1945 መጨረሻ ነው። በማጉያ ስታየው ወረቀቱን እንደ ቦይ ይጎደጉዳል፣ መሐሉ ላይ ነጫጭ ጭረት ይተዋል፣ አልፎ አልፎም ቀለም ይንጠባጠባል። ባለ ስንጥቅ ጫፍ ብዕር ግን ሲጫኑት ይከፈትና ሁለት ጠርዝ ያለው ሰፊ መስመር ይሰጣል። ዘመናዊ አጭበርባሪ ግን ይህን ያውቃል። ብረት ያለበት የድሮ ዓይነት ቀለም ዛሬም ጀርመን ውስጥ ይሸጣል፤ የድሮ ብዕርም ገበያው ላይ ሞልቷል። ስለዚህ ቀለሙ ትክክለኛ ዓይነት መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። የተሳሳተ ዓይነት መሆኑ ነው የሚያጋልጠው።

የብር ኖት የሚፈተሽበት የአልትራቫዮሌት መብራት ካለህ ተጠቀምበት፤ 365 ናኖሜትር የሆነውን ግዛ፣ ርካሾቹ ወይን ጠጅ ብርሃን ብቻ ይረጫሉ። በጨለማ ክፍል ውስጥ የጦርነት ዘመን ወረቀት ደብዝዞ ቢጫ ወይም ቡናማ ይታያል። ዛሬ ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል በስፋት የገባው ከ1950 ገደማ ወዲህ ነው፤ እሱ ያለበት ወረቀት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይቦግጋል። የተቀየረ ገጽ ወይም የተቀየረ ፎቶ እንዲህ ራሱን ያጋልጣል። ሁለት ቀለሞች ለዓይን አንድ መስለው በመብራቱ ሥር አንዱ ጠቁሮ ሌላው ሲጠፋም ታያለህ። በኬሚካል የታጠበ ቦታም እድፍ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ሙጫና የልብስ ሳሙናም ይቦግጋሉ፤ ትንሽ የሚያበራ ነጥብ አይተህ አትደንግጥ።

ማኅተሙን በማጉያ ቅረበው። በቀለም ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ሰማያዊ፣ ቢጫና ሮዝ ነጠብጣቦች ታያለህ፤ አንድ ወጥ ሐምራዊ አይሆንም። በኮምፒውተር የተሠራ አዲስ የላስቲክ ማኅተም ደግሞ ከልክ በላይ ንጹሕ ነው። እውነተኛው የጦር ሜዳ ማኅተም በአንድ በኩል ይጫናል፣ በሌላው ይደበዝዛል፣ ፊደሉ ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል። ገጽ 22ህ ላይ ያለው የሦስተኛው መስመር ማኅተም እንዲህ ነው። የአምስተኛው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ሲታይ ትናንት የመጣ ይመስላል።

ፎቶ ያለው ደብተር ከሆነ (በመጀመሪያዎቹ የጦርነት ዓመታት የምድር ጦሩ ደብተር ፎቶ አልነበረውም፤ በኋላ ነው የታዘዘው) የሽፋኑን የውስጥ ገጽና ገጽ 1ን አብረህ ተመልከት። ፎቶው በብረት ቀለበት ወይም በስቴፕለር ሽቦ ይያዛል። ብረቱ ከዛገ ዝገቱ ገጽ 1 ላይም ተመሳሳይ ቦታ ላይ መታተም አለበት። ተጨማሪ ቀዳዳ ካየህ ሌላ ፎቶ ነበረ ማለት ነው። ማኅተሙ ከፎቶው ወደ ወረቀቱ ሳይሰበር መሻገር አለበት። ገጽ 2 ላይ ደግሞ ቁመቱ፣ የፊቱ ቅርጽ፣ የጸጉሩና የዓይኑ ቀለም ተጽፏል። ክብ ፊት ተብሎ የተጻፈው ሰው ፎቶው ላይ ቀጭንና ረጅም ፊት ካለው ጠይቅ።

የማያስደነግጡ ነገሮችም አሉ፤ አዲስ ሰብሳቢ በከንቱ የሚሸሻቸው። ደብተሩን የጣለ ወታደር ሁለተኛ ቅጂ ይሰጠዋል፤ ይህም ደብተሩ ላይ ይጻፋል። እዚያ ላይ ብዙ ዓመት ያስቆጠሩ ሽልማቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጸሐፊ፣ በአንድ ቀለም ቢሰፍሩ ትክክል ነው። ያንተው ግን ሁለተኛ ቅጂ አይደለም፤ ገጽ 4 ላይ ብቻ አራት የተለያየ እጅ አይቻለሁ። በ1945 ደግሞ ብዙ ወታደሮች ፎቷቸውን ቀደዱ፣ የክፍላቸውን ስም ፋቁ፣ የስዋስቲካ ምልክቱን በቀለም አጠፉ። ተማርከው ነበር፣ ፈርተው ነበር፤ ኤስ ኤስ በሚባለው የናዚ ፓርቲ ጦር ውስጥ የነበሩት በተለይ። እንዲህ ያለው ፍቀት የዘመኑ ነው። የሚለየውም ከጠፋው ላይ አዲስ ማራኪ ነገር ባለመጻፉ ነው። የአንገት መለያው ቁጥር ከመጨረሻው ክፍሉ ጋር ባይመሳሰልም አትገረም፤ መለያው መጀመሪያ የሰጠውን ክፍል ነው የሚከተለው።

ከንባቡም ከመብራቱም በኋላ ጥርጣሬ ከቀረ መዝገብ ቤት አለ። የወታደሮቹን የአንገት መለያ ዝርዝርና የሞቱና የቆሰሉትን መረጃ የያዘው በርሊን ያለው የቀድሞ መሥሪያ ቤት ከጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ በፌዴራሉ መዝገብ ቤት በቡንደስአርኪቭ ሥር ነው። ስምና የትውልድ ቀን ይዘህ ማመልከት ትችላለህ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ሽልማትም ሁልጊዜ አይገኝበትም። ክፍሉንና የቆሰለበትን ቀን ግን ሊያረጋግጥልህ ይችላል። የጦር መቃብሮችን የሚንከባከበው ፎልክስቡንድ ደግሞ በነጻ የሚፈለግበት የሟቾች ዝርዝር አለው። በ1943 የሞተ ሰው በ1944 ሲሸለም ያጋጠመህ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም።

ሻጩን በተመለከተ፣ ራሱ ነው የጨመረው ብዬ አልናገርም። እንዲህ ያለ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል፤ እሱም ተሸውዶ ገዝቶት ይሆናል። ሌባ ነህ ሳትለው ገጽ 12፣ 22 እና 23ን ጎን ለጎን አሳየውና ቀኖቹን አብራችሁ ቁጠሩ። ደብተሩን ከፈለግከው ሦስት ሽልማት እንዳለው ተራ የእግረኛ ደብተር ተደራደር፤ እንደዚያ ከሆነ ከ700 ዩሮ በጣም ያነሰ ነው። እኔ ብሆን ደግሞ የተበላሸ ገጽ ስላለው ከዚያም እቀንስ ነበር። «ከግለሰብ ለግለሰብ የሚሸጥ፣ መመለስ የለም» የሚል ወረቀት ካስፈረመህ በኋላ መከራከር ከባድ ነው፤ ከመክፈልህ በፊት ጨርሰው። ማኅተሞቹ ላይ ስዋስቲካ ስላለ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ በይፋ ስታወጣ ሸፍነው፤ በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ መሠረት ሊያስጠይቅ ይችላል።

ከገዛኸው ሁለቱን መስመሮች ለማጥፋት አትሞክር። በእርሳስ በተጻፈ የተለየ ወረቀት ላይ «የኋላ ጭማሪ፤ ገጽ 12ንና 23ን ተመልከት» ብለህ ገጽ 22 ውስጥ አስቀምጥ፤ ወረቀቱ አሲድ የሌለበት ይሁን። የገጽ 1፣ 3፣ 6 እና 7 ፎቶም ላክልኝ። የየካቲት 1943 የልብስ ርክክብ መኖሩን ማየት እፈልጋለሁ።